የድመቴ የጠዋት ስኳር አልወርድ ብሏል፤ ኢንሱሊኑን ልጨምር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የ11 ዓመት ወንድ ድመቴ የስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ክብደቱ 5 ኪሎ ተኩል ነው። ሐኪሙ በየ12 ሰዓቱ 1 ዩኒት ግላርጂን (ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን) እንድወጋው አዘዘልኝ፤ ቆይቶም ወደ 1 ዩኒት ተኩል ከፍ አደረገው። ይሁን እንጂ ጠዋት ከመርፌው በፊት ስለካው ከ300 በታች ስላላገኘሁ፣ ከአምስት ቀን በፊት በራሴ ውሳኔ 2 ዩኒት አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ 310፣ 342፣ ትናንት ደግሞ 360 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ። ውኃ መጠጣቱ ቀንሷል፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ አልጋ ሥር ገብቶ ይተኛል፣ ስጠራውም ቶሎ አይወጣም። ወደ 2 ዩኒት ተኩል ብወስደው ይጎዳው ይሆን?

መልስ 1 (የእንስሳት ሐኪም)

እባክዎ አይጨምሩ። የጠዋቱ ቁጥር የሚያሳየው ያለፈው መርፌ ኃይሉ ሲያልቅ ስኳሩ የት እንደደረሰ ብቻ ነው። መጠኑ ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ስኳሩ ከሁሉ ዝቅ በሚልበት ሰዓት ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ከመርፌው በኋላ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ ሰዓት አንድም ጊዜ አልለኩም። ቤት በሚውሉበት ቀን ከመርፌው በፊት ጀምረው በየሁለት ሰዓቱ ይለኩና ይመዝግቡ። ዝቅተኛው ከ80 እስከ 150 ባለው መካከል ካረፈ፣ ጠዋት ከፍ ቢልም እንኳ፣ መጠኑን ለመጨመር አይቸኮልም፤ ከዚያ በታች ከወረደ ይቀነሳል። ግላርጂን ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ቀናት ስለሚወስድ፣ ለውጥ የሚደረገው ከ5 እስከ 7 ቀን ተጠብቆ ነው፤ እሱም ከግማሽ ዩኒት አያልፍም።

አልጋ ሥር የሚገባው ስኳሩ ከሁሉ ዝቅ በሚልበት በዚያው ሰዓት መሆኑ አላማረኝም። ሐኪምዎ የሚያስቡት 1 ዩኒት ተኩል እንደሚሰጡት አድርገው ስለሆነ፣ ዛሬውኑ እውነቱን ይንገሯቸው። ቢንገዳገድ ወይም ቁጥሩ ከ60 በታች ቢሆን፣ መብላት ከቻለ ወዲያው ያብሉት፤ ካልቻለ ማር ድዱ ላይ ይቀቡት እንጂ ጉሮሮው ውስጥ አያፍስሱ፣ ቀጥታም ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

መልስ 2

እኔ ከመጠኑ በፊት ስሪንጁን እንዲያዩ እመክራለሁ። ለዩ-100 ኢንሱሊን (በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ላለው) በስህተት የዩ-40 ስሪንጅ (በሚሊሊትር 40 ዩኒት ላለው የተሠራውን) ተጠቅሜ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ሞልቼ 2 ዩኒት የሰጠሁ ሲመስለኝ 5 ዩኒት ወግቼ አውቃለሁ፤ ድመቴ የተረፈችው ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ስለለካኋት ነው። በጠርሙሱና በስሪንጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ከጆሮ ደም ለመውሰድ ደግሞ ጆሮውን በሞቀ ጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙ፤ ከዳር በኩል የምትታየውን ቀጭን ሥር ጠርዝ ሲወጉ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጠብታ ትበቃለች። የሰው መለኪያ የሚጠቀሙ ከሆነ በድመት ደም ላይ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል፣ ሁልጊዜ በአንዱ መለኪያ ብቻ ይለኩ።

መልስ 3

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ሁሉ «ስኳሩ በጣም ወርዶ መልሶ እየወጣ ነው» ይለዋል። ሊሆን ይችላል፤ ሳይለኩ መደምደም ግን እኔ አልወድም። የድድ ቁስል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ስኳሩን ከፍ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። መርፌው ከቆዳው አልፎ ፀጉሩ ላይ ፈስሶም ከሆነ ቁጥሩ አይወርድም፤ ጣትዎን ሲያስነኩት እርጥብ ሆኖ ልዩ ሽታውን ካገኙት ፈስሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግመው አይውጉት።

የጠያቂው ምላሽ

ስሪንጁ ትክክል ነው። ቅዳሜ ቤት ውዬ ለካሁት፤ ከመርፌው በፊት 338፣ በ2ኛው ሰዓት 214፣ በ4ኛው 96፣ በ6ኛው 58 ሆነ። ወዲያው አብልቼው ለሐኪሙ ደወልሁ። በራሴ መጨመሬን ስነግራቸው ተቆጡኝ፤ ልክም ናቸው። ማታ ከመርፌው በፊት ለክቼ እንድደውልላቸው፣ ከዚያም ወደ 1 ዩኒት እንድመለስና ከሳምንት በኋላ ቀኑን ሙሉ ዳግመኛ እንድለካው አዘዙኝ። 58ን ባነበብሁበት ሰዓት ድመቴን ያገኘሁት እዚያው አልጋ ሥር ነበር።