ከሌላ ክልል የመጣ ፖሊስ ኮምቦልቻ ላይ ሰው ይዞ መሄድ ይችላል?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ታናሽ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን ከጅቡቲ እየጫነ ወደ ከተማችን ደረቅ ወደብ ይመላለሳል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአማራ ክልል ውጭ ሌሊት ሲያሽከረክር ግመል ገጭቷል። ባለፈው ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ጎማ እያስቀየረ ሳለ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንደኛው መታወቂያ ብልጭ አድርጎ መልሶ ኪሱ ከተተና «ፖሊስ ነን፣ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ» አለው። የጋራዡ ባለቤት «ወረቀታችሁስ?» ሲላቸው «እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ወንድሜ ከሕግ የመሸሽ ሐሳብ የለውም። ነገር ግን እንዲህ አድርገው ሊወስዱት ይችሉ ነበር?

ጠበቃ፣ ደሴ፦
እንደገለጹት ከሆነ አይችሉም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 እያንዳንዱ ክልል የራሱን ፖሊስ አደራጅቶ እንዲመራና በክልሉ ውስጥ ሰላምና ጸጥታን እንዲያስጠብቅ ሥልጣን ስለሚሰጥ፣ የአንዱ ክልል ፖሊስ በሌላው ክልል ውስጥ በራሱ ፈቃድ የሚሠራበት መደበኛ ሥልጣን የለውም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀል ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50፣ ወንጀሉ ቢያንስ የሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፖሊስ ያልሆነ ሰው እንኳ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ሦስት ሳምንት ያለፈው አደጋ ግን እጅ ከፍንጅ አይባልም። ተጠርጣሪን በጽሑፍ መጥሪያ መጥራትም በዚሁ ሕግ አንቀጽ 25 ተደንግጓል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያዝ ሰው ደግሞ ትእዛዙ ሊነበብለት፣ ከጠየቀም ሊታይለት ይገባል።

ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣ ደሴ፦
የሕጉን ጠበቃው ተናግረዋል፤ እኔ የአሠራሩን ልጨምር። በእኛ ጊዜ ከሌላ ክልል ተጠርጣሪ ፈልጎ የሚመጣ ባልደረባ ደብዳቤውን ይዞ በቀጥታ ወደ ጣቢያችን ይመጣ ነበር። የደንብ ልብስ የለበሰ አባል አብሮት ይወጣል፣ የተያዘውም ሰው ርክክብ ከመደረጉ በፊት እኛው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በሦስተኛው ቀን እናት «ልጄ የት ገባ?» ብላ ስትመጣ መልሱ የሚገኘው እዚያ መዝገብ ላይ ነው፤ እንዲህ ብላ የመጣች እናት ደግሞ አንድ ብቻ አልነበረችም።

ሌላ አንባቢ፣ ኮምቦልቻ፦
እንዲህ ከሆነ የደሴ ፖሊስም ከሚሴ ላይ ሥልጣን የለውም ማለት ነው?

ጠበቃ፣ ደሴ፦
አይደለም፤ ከሚሴ የራሷ ዞን ዋና ከተማ ብትሆንም በአማራ ክልል ውስጥ ናት። የዞን ወሰን የሥራ ክፍፍል እንጂ እንደ ክልል ወሰን የሚታይ አይደለም። ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር፦ ወንድምዎ በሕጋዊ መንገድ ቢያዙ እንኳ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባቸው። ለጉዞ በግምት አስፈላጊ የሆነው ጊዜ በዚህ ውስጥ ስለማይቆጠር፣ የተያዙበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። የግመሉ ካሳ ራሱን የቻለ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱም ተጠያቂ ስለሆነ ዛሬውኑ ንገሩት።

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመኪናው ባለቤት ደውለንለታል። ነገ ጠዋት ከወንድሜና ከጋራዡ ባለቤት ጋር እዚሁ ጣቢያ ሄደን የሆነውን እናስመዘግባለን፤ መጥሪያ ከመጣም በዚያው በኩል እንዲደርሰው አድራሻውን እንሰጣለን።