ብርሃኑ ይዋዥቃል፣ የጎጆዬ ክዳን ይርገበገባል፦ እርዱኝ

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በመኝታ ክፍሌ የ1 ደቂቃ የስቶፕ ሞሽን ፊልም (አሻንጉሊት በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ፣ ፎቶ በፎቶ እያነሡ የሚሠራ) እየሠራሁ ነው። ጎጆዋን በካርቶን ሠርቼ በጭቃና በጭድ ለቅልቄያታለሁ፤ ክዳኗ ስንደዶ ነው። አሻንጉሊቷ 20 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 12 ፎቶ አነሣለሁ። ሦስት ቀን ለፍቼ ያገኘሁትን 15 ሰከንድ ሳየው ብርሃኑ አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይፈዛል። ነፋስ ሳይኖር ክዳኑ ይርገበገባል። አንዴማ ጠረጴዛውን በክርኔ ነክቼው ቤቷ ከነጓዟ ዘለለች! ያለኝ ብርሃን የመስኮቱ ፀሐይና አንድ አምፖል ነው።

ጥላ ወዳድ፦ እህቴ፣ ጥፋተኛው መስኮቱ ነው። 180 ፎቶ እስክታነሺ ፀሐይዋም ደመናውም ቦታቸውን ይለዋውጣሉ። ብርድ ልብስ ጋርጂበት። ካሜራው በራሱ የሚወስነውን ሁሉ አጥፊ፦ የብርሃን መጠኑን፣ የነጭ ቀለም ሚዛኑን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን)፣ የሌንሱን ትኩረት። ደግሞ ምን ለብሰሽ ነው የምትሠሪው? እኔ አንድ ሙሉ ትዕይንት ያበላሸሁት በነጭ ሸሚዜ ነው። ስጠጋ ግድግዳው ይነጣል፣ ስርቅ ይጠቁራል።

የመብራት ሰው፦ መስኮቱ ብቻ አይመስለኝም። ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስትጥድ አምፖሌ ሲፈዝ በዓይኔ አይቻለሁ። በፓወር ባንክ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ይሻልሻል። አሻንጉሊቷ ፎቶ ስትነሣ ስለማትንቀሳቀስ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አስረሽ ግማሽ ሰከንድ ክፍት አድርጊው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚያሳየው መዋዠቅ ይጠፋል። ከሁሉ በፊት ግን ምንም ሳትነኪ 24 ፎቶ አንሥተሽ አጫውቺያቸው። ያኔም ከተዋዠቀ ችግሩ ከእጅሽ አይደለም።

አናጢው፦ እኔ ስለ ቤቷ ልናገር። ካርቶኑን ወፍራም ኮምፔርሳቶ ላይ በቪቴ እሰሪ፤ ኮምፔርሳቶውንም ከጠረጴዛው ጋር። በጠረጴዛው እግሮች ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኚባቸው። ክዳኑ የሚርገበገበው አሻንጉሊቷን ስታንቀሳቅሺ ጣትሽ ስንደዶውን ስለሚነካው ነው። ኮላ በውኃ አቅጥነሽ ርጪበትና አሳድሪው፤ እንደ ድንጋይ ይሆናል። የጀርባውን ግድግዳ ተነቃይ አድርጊው፣ እጅሽ በዚያ ይግባ። ሲመለስ ግን በሁለት ምስማር ቀዳዳው ላይ ቁጭ ማለት አለበት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ፊልሙ ላይ ይታያል። ለአሻንጉሊቷ ደግሞ ወለሉን ብሺና ከሥር በብሎን እግሯን ያዢው፤ ቀዳዳውን በጭቃ ትደፍኚዋለሽ።

ጀማሪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቀጣዩ ትዕይንት ሌሊት፣ ምድጃ ዳር ነው። ሻማ ላብራ?

ጥላ ወዳድ፦ ሻማ ተዪ! ስትሠሪ እያጠረ ይሄዳል፣ ጭድሽም እሳት ይወዳል። ትንሽ ኤልኢዲ ከምድጃው ሥር ቅበሪና በብርቱካንማ የከረሜላ ወረቀት ሸፍኚው። በየሁለት ፎቶው ወረቀቱን አንዴ ነጠላ፣ አንዴ ድርብ አድርጊው። ተራውን ግን አታስተካክዪው፤ እሳት እንደ ሰዓት አይመታም።

ጀማሪዋ፦ መስኮቱን ጋርጄ 24ቱን ፎቶዎች አነሣሁ፤ ብርሃኑ ረግቷል። ክዳኑ ኮላ ጠጥቶ እየደረቀ ነው። ከወንድሜ ጥቁር ሹራብ ተውሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ብነግረው አላመነኝም።