የሠፈራችንን የስፖርት ሥራ በየትኛው ሕግ ላስመዝግብ?

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት 40 ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ፤ ጫማው ስለማይበቃ፣ ከሜዳ የሚወጣው ልጅ አውልቆ ለሚገባው ያቀብላል። ማታ ጎልማሶችን በክፍያ እያሠለጠንኩ በገቢው ልጆቹን ልደግፍ አስቤ ነበር፤ ምዝገባው ላይ ግን ግራ ተጋብቻለሁ። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባቋቁም፣ ወላጆች ለትርፍ የቆምኩ አድርገው እንዳያዩኝ እሰጋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ብሆን ደግሞ ገቢ ማስገኛ ሥራ ቢፈቀድም ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ስለማይቻል፣ ቁጠባቸውን ሊያዋጡ የተዘጋጁት ሁለት ጓደኞቼ ምን ያገኛሉ? ሥራው ከተቋረጠ በተለይ ሴቶቹ ልጆች ተመልሰው የሚመጡ አይመስለኝም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም የሕግ ዕውቀት ያላችሁ፣ የትኛውን ላስቀድም? እባካችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።