ግድግዳው እርጥበት ለሚያነሳበት የባሕር ዳር ቤት፦ የትኛው ቀለም፣ የትኛው ልስን፣ የትኛው ብሎኬት?

ባሕር ዳር ከተማ፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው የእናቴ ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር የተሠራ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በኋላም ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቀለሙ እየተጠቀለለ ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ልስን ነጭ ዱቄት አውጥቶ ነበር። ዱቄቱ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጉልበት ይደርስና በአንድ መስመር ያቆማል። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀብተናል፤ ሦስቱም ጊዜ የገዛነው ከቀደመው የሚወደድ ቀለም ነበር። ይህን ጥቆማ የምጽፈው በተመሳሳይ ችግር ገንዘቡን ቀለም ላይ የሚያፈስ ጎረቤት ብዙ ስለማይ ነው።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚሳበው ውሃ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፣ ጨውም ልስኑንና ቀለሙን እየገፋ ይጥላል። ከተማችን በሐይቅ ዳር የተቀመጠች፣ ዝናቧም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ በመሆኑ፣ በእነዚያ ወራት መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ይከርማል። ግቢው ዋልካ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፣ መሠረቱንም ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

ስለዚህ ከቀለም እጀምራለሁ። እስከ ወገብ ድረስ የዘይት ቀለም መቀባት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ በጨርቅ ስለሚወለወል ይወደዳል፤ እርጥበት ባለው ግድግዳ ላይ ግን ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፤ ውሃው በፊት ለፊት መውጣት ሲያቅተው ከፍ ብሎ ይወጣልና። ፕላስቲክ ቀለም ይሻላል፣ ነገር ግን እሱም በአንድ ዓመት ይላጣል። ኳርትዝ የሚባለው ሸካራ ቀለም ለውጭ ግድግዳ ጠንካራ ነው፤ የማመሰግነው ግን በደረቅ ብሎኬት ላይ ሲቀባ ብቻ ነው። ለጭቃ ቤት የምጠቁመው ኖራን ነው። ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም፣ ርካሽ ነው፣ በየዓመቱም ራስን በራስ መቀባት ይቻላል። ልብስ ሲነካው ነጭ ማድረጉ እውነት ነው፤ እናቴም መጀመሪያ ላይ በዚሁ ምክንያት አልወደደችውም ነበር። ያልበረደ ኖራ በውሃ ሲበርድ ስለሚፈላና ዓይን ስለሚያጠፋ ልጆች ባሉበት አይሠራ።

ከቀለሙ በፊት ግን ልስኑ አለ። ሦስት ግንበኞች አይተውልን ሁለቱ የድሮውን ሲሚንቶ አንሥተን በአዲስ ሲሚንቶ እንድንለስን መከሩን። ሦስተኛው፣ በዕድሜ የገፉ መራጊ፣ ግድግዳውን በጣታቸው ጠቅ ጠቅ አድርገው ድምፁን ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ጭቃና ሲሚንቶ አብረው አይተነፍሱም፤ ይህ ልስን ከጭቃው ከተለየ ቆይቷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በመዶሻ ሲነካ የክንድ ስፋት ያለው ቁራጭ እንደ ቅርፊት ወደቀ፣ ከኋላውም ጭቃው እርጥብና ጥቁር ነበር። እስከ ወገብ ያለውን ሁሉ አንሥተን አንድ ወር ሙሉ እንዲደርቅ ተውነው። ከዚያ እሳቸው ከዋልካ ይልቅ ቀይ አፈር አስመጥተው፣ ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦክተው፣ እየረገጡና ውሃ እየጨመሩ ሁለት ሳምንት ካስቆዩት በኋላ በሁለት ዙር መረጉት። የመጀመሪያው ዙር ሲሰነጠቅ ደንግጬ ነበር፤ ስንጥቁ ግን የሁለተኛው መያዣ እንደሆነ አሳዩኝ። በጭቃ ላይ የግድ ሲሚንቶ ይሁን የሚል ሰው ቢያንስ የወንፊት ሽቦ በምስማር ወጥሮ ይለስን፤ ከወለል ጀምሮ እስከ ጉልበት ያለውን ግን እንዲተወው አጥብቄ እመክራለሁ። የቋሚዎቹን እግር ምስጥ መብላቱም የሚታወቀው ልስኑ ሲነሣ ብቻ ነውና አጋጣሚውን ተጠቅሞ መፈተሽ ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን ውሃው ከቤቱ ካልራቀ ከንቱ ነው። እኔ ከቀለሙም ከልስኑም በፊት ገንዘብ የማወጣው ለአሸንዳና ለቤቱ ዙሪያ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ከግድግዳው ወደ ውጭም በየሜትሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ይዝቀዝቅ። በዋልካ ላይ በቀጥታ ከተነጠፈ በመጀመሪያው በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የላዩን ዋልካ ቆርጦ አውጥቶ፣ ሰለክት (የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) ሞልቶና በደንብ ጠቅጥቆ፣ ድንጋይ ደርድሮ ነው መነጠፍ ያለበት። የእኛ ቤት ዱቄት ማውጣቱን የቀነሰው ንጣፉ ከተሠራ በኋላ ባለፈው ክረምት ነው።

አዲስ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይቀላል። መሠረቱን ዋልካው አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መቆፈር፣ የድንጋይ ግንቡን ከመሬት በላይ እስከ ግማሽ ሜትር ማውጣት፣ ከወለሉ ኮንክሪት ሥር ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ ነው። በአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ እንደልብ ስለሚገኝ ለዚህ ክፍል ብሎኬት የሚያስገዛ ምክንያት አይታየኝም።

ብሎኬትን በተመለከተ የደረሰብኝን ልናገር። ለግቢው ማዕድ ቤት ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከአንድ አምራች በርካሽ ገዛሁ፤ ከመኪና ሲወርድ ብዙው ጠርዙ ረገፈ፣ ግንበኛውም በመዶሻ ሲያስተካክለው እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ሄጄ ሳይ ብሎኬቱ በፀሐይ ተደርድሯል፣ ውሃ የሚያጠጣው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ አምራች የምመርጠው ጠዋት ያለ ቀጠሮ ሄጄ ነው፦ ድርድሩ እርጥብ ከሆነ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ጠጥቶ ከሁለት ሳምንት በፊት የማይሸጥ ከሆነ፣ በማሽን የተነቀነቀ ከሆነ፣ ትንሽ ቢወደድም ከእሱ እገዛለሁ። አንዱን ከወገብ ከፍታ አፈር ላይ መልቀቅ ቀላል ፈተና ነው፤ ደህናው አይሰበርም።

የወንዝ አሸዋ ሲመጣ መኪናው ሳይራገፍ አንድ ሃይላንድ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ ነቅንቆ ማስቀመጥ ነው። በሰዓታት ውስጥ ከአሸዋው በላይ ቡናማ ደለል ይተኛል፤ ከጠቅላላው 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሲሚንቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ሩቅ ስለሚመጣ ከስሙ ይልቅ ዕድሜው ያሳስበኛል፤ ዳንጎቴም ሆነ ደርባ ወይም ሙገር፣ ከረጢቱ ጠርዝ ላይ ድንጋይ የሆነ ነገር ከተዳሰሰ አይገዛም። ለኮለንና ለቢም (ለኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) ኦፒሲ የሚባለው መደበኛ ሲሚንቶ፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ የሚባለው ፖዞላና (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት) የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ይበቃል። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ ብዙ ገዢ ያልፈዋል፤ 32 ከ28 የቀጠነ ነው።

ባለሙያ ሲቀጠር ቁፋሮንና የብሎኬት ግንብን በቁርጥ፣ ልስንንና ምርጊትን በቀን ማሠራት ይሻላል፤ በቁርጥ የተያዘ ልሳኝ ለመጨረስ ስለሚቸኩል ውሃ የማጠጣቱን ሥራ ይዘልላል። እኔ የሲሚንቶ ሥራ የመጨረሻ ክፍያን የምሰጠው ልስኑ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው፤ ይህንንም ሥራው ሳይጀመር እነግራቸዋለሁ፣ ቅር ያለውም እስካሁን አልገጠመኝም። የጭቃ ምርጊት የሚያስብ ሰው ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ቢያስቦካ፣ ኖራውን ጥር ላይ በደረቅ ግድግዳ ለመቀባት ይደርስለታል።