ሮግ ወንዝ ላይ በእጅ ወርቅ ማጠብ፦ ባትሪ ፓምፕ እንደ ሞተር ይቆጠራል? «አንድ ኪዩቢክ ያርድ»ስ እንዴት ይለካል?

ገበቴ_ያዥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ ላይ ሁለት ሆነን አሜሪካ፣ ኦሪገን ስቴት ውስጥ ሮግ ወንዝ ላይ፣ አፕልጌት ወንዝ ከሚቀላቀልበት በታች፣ ለመዝናኛ ያህል ወርቅ ልናጥብ ነው። ዕቃችን ሁለት ገበቴ፣ ባለ ግማሽ ኢንች ወንፊት፣ አካፋ፣ ድጅኖ፣ 4 ጫማ የአሉሚኒየም አሸንዳ (ውስጡ እርከንና ምንጣፍ ያለው)፣ በእጅ የሚሳብ መምጠጫ ቱቦ እና ለአሸንዳው ውሃ የምትገፋ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ ነው።

ወንዙ በስቴቱም በፌዴራልም ሕግ ለገጽታው የተጠበቀ መሆኑን አውቃለሁ። ግራ ያጋቡኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። ባትሪ ፓምፕ ሞተር ይባላል ወይ? ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው «ከአንድ ኪዩቢክ ያርድ በታች» በተግባር ስንት ነው? ከውሃው ወጣ ብሎ ያለው ደረቅ ጠጠርስ ይቆፈራል?

ታችኛው_ዳር፦

ፓምፗን ቤት ተዋት። በ2017 የወጣው የኦሪገን ሕግ (ሴኔት ቢል 3) ከ2018 መጀመሪያ አንስቶ፣ ለሳልሞን ዘሮች ወሳኝ መኖሪያ ተብለው በተሰየሙ ወንዞች ውስጥ በሞተር ወርቅ ማውጣትን ከልክሏል። የሮግ ዋና ወንዝ እዚያ ውስጥ ነው። የሕጉ ትርጓሜ መምጠጫ ማሽን (የወንዙን ጠጠር በሞተር እየሳበ አሸንዳ ላይ የሚያፈስ) ብቻ አይልም፤ ሞተር ያለውን ማንኛውንም መሣሪያ ያጠቃልላል። ቤንዚን ትጠጣ ባትሪ፣ ትልቅ ትሁን ትንሽ፣ ለውጥ የለውም። በእጅ የሚሳበው ቱቦ ግን ሞተር ስለሌለው በዚህ ሕግ አይነካም።

ሌላው፣ እዚያ ወንዝ ላይ የምትቆመው በሦስት ሕጎች ሥር ነው፤ ብዙ ሰው አንዱን አንብቦ ይሄዳል።

አንደኛው የስቴቱ «ሲኒክ ዋተርዌይ» (ለገጽታው የተጠበቀ ወንዝ) ሕግ ነው። መራጩ ሕዝብ በ1970 በድምፅ ያጸደቀው ሲሆን ሮግ ከመጀመሪያዎቹ ወንዞች አንዱ ነው። ወንዙን ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ዳርቻ ሩብ ማይል ድረስ ያለውን መሬት ይመለከታል። ወንዙ ውስጥ የሚደረገውን ቁፋሮ የሚቆጣጠረው የስቴቱ መሬቶች መምሪያ ነው።

ሁለተኛው በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። ከአፕልጌት መገናኛ እስከ ሎብስተር ክሪክ ድልድይ ያለው 84 ማይል በሙሉ በዚህ ጥላ ሥር ነው፤ ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ከግሬቭ ክሪክ እስከ ዋትሰን ክሪክ ያለው 33.8 ማይል «ዱር» የሚባለው ክፍል ነው። በዱር ክፍል ከዳርቻው ሩብ ማይል ድረስ ያለው የፌዴራል መሬት ከማዕድን ሕጉ የወጣ ስለሆነ አዲስ የማዕድን ይዞታ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ቀድሞ የተያዘና ሕጋዊነቱ የጸና መብት ብቻ ይቀጥላል። «ሲኒክ» እና «መዝናኛ» በተባሉ ክፍሎች ሕጉ በራሱ እንዲህ ያለ መዝጊያ አያስቀምጥም፤ መዝጋት ከተፈለገ በሌላ ውሳኔ ነው። ስለዚህ መኪና ከማስነሳትህ በፊት ካርታው ላይ የምትቆምበትን ክፍል ለይ።

ሦስተኛው የቦታው ባለቤት ነው። መሬቱ የግል ከሆነ ወይም ሌላ ሰው ያስመዘገበው ይዞታ ከሆነ፣ ገበቴ ብቻ ይዘህ ብትሄድም ያለ እሱ ፈቃድ የሰው ወርቅ እያነሳህ ነው። በፌዴራሉ የደን አገልግሎት ደንብ በገበቴ ማጠብ ቅድመ ማሳወቂያ ከማይጠየቅባቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ይህ ግን የሰው ይዞታ ውስጥ የመግባት መብት አይሰጥም።

ቀይ_ጠጠር፦

ወደ ያርዱ ልምጣ፤ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ኪዩቢክ ያርድ ማለት ወርዱ፣ ርዝመቱና ጥልቀቱ ሦስት ሦስት ጫማ የሆነ ጉድጓድ ነው፤ 0.76 ሜትር ኩብ ገደማ። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ አፉ ድረስ ሲሞላ 40 ባልዲ ይሆናል። እርጥብ ጠጠር የሞላ ባልዲ ከ30 ኪሎ ስለማያንስ፣ ከአንድ ቶን በላይ ታነሳላችሁ ማለት ነው። ሕጉ «ከአንድ በታች» ስለሚል 40ኛው ባልዲ ላይ መስመሩን ነክታችኋል። ከአንድ ቦታ ከአንድ ያርድ በታች፣ ከወንዙ ደግሞ በዓመት በድምሩ ከ5 ያርድ (200 ባልዲ) ያልበለጠ። እስከዚህ ድረስ ያለ ሞተር የሚደረግ የመዝናኛ ፍለጋ የመሬቶች መምሪያውን ፈቃድ አይጠይቅም።

ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አሸንዳው ላይ የፈሰሰውን ብቻ መቁጠር። ሕጉ የሚለካው ከቦታው የተነቃነቀውን ሁሉ ነው። አለቱ ወለል ላይ ለመድረስ ወደ ጎን የገፋኸው የላይኛው ጠጠር፣ ወንፊት ላይ ቀርቶ የተጣለው ድንጋይ፣ ሁሉም ይቆጠራል። 10 ባልዲ ያጠበ ሰው 40 አነቃንቆ ሊሆን ይችላል። ሌላው ብልሃት መሳይ ስህተት ሁለት ሰዎች አንድ ጉድጓድ ላይ ሆነው «ለእያንዳንዳችን አንድ ያርድ» ማለት ነው። መጠኑ የተቀመጠው ለቦታው ነው፤ ሁለት ስለሆናችሁ ጉድጓዱ ሁለት አይሆንም። የሚሻለው ጉድጓዱን ራሱን በሜትር መለካት ነው። የተቆፈረ ጠጠር ስለሚነፋ በባልዲ ስትቆጥር ከጉድጓዱ ትንሽ በልጦ ይታያል፤ ብትሳሳትም የምትሳሳተው ወደ ጥንቃቄው ወገን ነው።

ደረቁን ጠጠር በተመለከተ፣ ሲኒክ ዋተርዌይ ላይ ለመዝናኛ ወርቅ አጠባ በሚሰጠው ፈቃድ ሥራ የሚፈቀደው በእርጥቡ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። እርጥብ ክልል ማለት በዚያች ሰዓት ውሃ ውስጥ ያለው የወንዙ ወለል ነው። ዕፅዋት የሌለበትና በሁሉም ጎኑ ወራጅ ውሃ የከበበው የጠጠር ደሴትም ይጨመራል። ከዳር ጋር የተያያዘው ደረቅ ጠጠር ግን የለበትም። ጠዋት ደሴት የነበረው ቦታ ውሃው ሲጎድል ከዳር ሊገናኝ ይችላል፤ ያኔ ሥራው ያበቃል። ክልሉን ለማስፋት ውሃ ስቦ ማምጣትም ክልክል ነው። ፈቃድ የማይጠይቅ መጠን ላይ ብትሆኑም በዚሁ ልክ ብትሠሩ ከማንም ጋር አትጨቃጨቁም።

ዳርቻ መናድ፣ ሥር የሰደደ ወይም የተቀበረ ቁጥቋጦና ዛፍ መነቅነቅ፣ ዓሣ እንዳያልፍ መዝጋት፣ ጀልባ ማሰናከል፣ እነዚህም ክልክል ናቸው። ቋጥኝና ግንድ በእጅና ሞተር በሌለው መሣሪያ ብቻ ይነቃነቃል፤ ድጅኖህ ይበቃል። የዛፍ ሥር ስር ወርቅ መኖሩን ማንም ያውቃል፤ ፈተናውም እሱ ነው።

ያለ ፓምፕ አሸንዳው እንዲሠራ ከፈለግህ ቦታ መረጣው ላይ ድከም። ለእያንዳንዱ ጫማ አንድ ኢንች ያህል ዝቅታ ስጠው፤ ለአንተ ባለ 4 ጫማ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 4 ኢንች ማለት ነው። ከእያንዳንዱ እርከን ጀርባ ከወርቁ ጋር የሚቀረው ከባዱ ጥቁር አሸዋ እንደ ጨረቃ ተቆልምሞ እየተርገፈገፈ ከታየህ ልኩ ነው። እርከኖቹ ደርቀው ከተደፈኑ ወይ ዝቅታው አንሷል ወይ በአካፋ እየጫንክበት ነው። ተጠርገው ባዶ ከሆኑ ደግሞ በዝቷል። በየ10 ባልዲው ከአሸንዳው የወጣውን ውራጅ አንድ ገበቴ ወስደህ እጠብ፤ ወርቅ ካየህበት አቁመህ አስተካክል። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ተራው ጠጠር ደግሞ ወደ 2.65 ነው። የልዩነቱ ስፋት ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ወርቅ ካመለጠ ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው።

ዓሣው_ይቅደም፦

ስለ ያርዱ በትክክል ተብሏል። ግን 39 ባልዲ ሕጋዊ ሆኖ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊቆፈር ይችላል።

የሳልሞን እንቁላል መጣያ ከውሃው በላይ ሲታይ ከአካባቢው ነጣ ያለ፣ ዝቃጭ የሌለበት ሞላላ ጠጠር ነው። በላይኛው ወገን ስርጉድ፣ በታችኛው ወገን ጉብ ያለ ክምር አለው። ሰው ስርጉዱን አይቶ «እንቁላሉ እዚህ ነው» ብሎ ይዞርና ክምሩን ይረግጣል። እንቁላሉ ያለው ክምሩ ውስጥ ነው። ስቲልሄድ ትራውት የሚጥለው ከክረምት እስከ ጸደይ ስለሆነ ጫጩቱ እስከ በጋው መግቢያ ጠጠር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ውሃ ውስጥ የሚሠራበት ጊዜ ለየወንዙ ተለይቶ የሚወጣው። የሮግን ወቅት ከስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መምሪያ ሰንጠረዥ ላይ እዩ፤ የጎረቤት ወንዝ ቀን አይሠራላችሁም።

ሌላው ላምፕሬይ የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ነው። ግልገሉ ዳር ዳር ባለው ቀዝቃዛና ለስላሳ ደለል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ አካፋ ሲገባ ቀጫጭን ትል መሰል ነገር ሲወራጭ ታያለህ። ያን ካየህ መልሰህ ቅበረው፣ ቦታም ቀይር። ውሃው የተኛበት ደለል ላይ ከባድ ነገር ስለማይቀመጥ ወርቅም አታገኝም። የወርቁ ቦታ የመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን፣ ከትልቅ ቋጥኝ በታች ያለው ጥላ እና ከውሃው አቅጣጫ ጋር የሚጋጭ የአለት ስንጥቅ ነው።

ውሃው ከበታችህ ደፍርሶ መስመር ሠርቶ ከወረደ አቁም። ጠጠሩን ውሃው ውስጥ በወንፊት ከማራገፍ ይልቅ ባልዲ ውስጥ ብታራግፈው፣ ጭቃው ባልዲው ውስጥ ይቀራል።

ገበቴ_ያዥ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ፓምፗ ትቀራለች። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ውሃው ወደ አሸንዳው እንዲሰበሰብ በሁለት ጎን ድንጋይ ብደረድርስ? ደግሞስ እውነት እንነጋገር፦ እንቁላል መጣያ ላይ የሚቆፍር አካፋ ከኔ የባትሪ ፓምፕ በላይ አይጎዳም? ለምን ሞተሩ ይከለከላል?

ቀይ_ጠጠር፦

የድንጋይ ክንፍ ግድብና መቀልበሻ ነው፤ ይቅር። አሸንዳውን ወደ ፍሰቱ ውሰድ፣ ፍሰቱን ወደ አሸንዳው አታምጣ። ከስር ለማስተካከል ሁለት ሦስት ድንጋይ ብታስቀምጥ ግን ስትሄድ አንሳቸው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ ከፊሉን እስማማለሁ። ሕጉ ጉዳቱን ሳይሆን መሣሪያውን ነው የሚለካው፤ እንዲህ ያለ ሕግ ደግሞ አንዳንዴ ንጹሑን ይመታል።

ታችኛው_ዳር፦

ይመታል፤ ግን ዳር ላይ የሚቆመው ጠባቂ ሊያየው የሚችለው ያንኑ ነው። ሞተር ይሰማል፣ ጉድጓድ ይለካል፣ የተናደ ዳር ይታያል። «ትንሽ ጉዳት» ግን በምንም አይለካም። የቀድሞው የሲኒክ ዋተርዌይ አሠራር እኮ መሃል ላይ ለማቆም ሞክሮ ነበር፦ የመምጠጫው አፍ ከ4 ኢንች ያልበለጠ፣ ሞተሩ ከ16 የፈረስ ጉልበት ያልበለጠ፣ ድምፅ ማፈኛ ያለው፣ ከመኖሪያ ቤት ወይም ከካምፕ በ500 ጫማ ውስጥ ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) የማይሠራ። የአፉ ስፋት የተገደበው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ባለ 4 ኢንቹ አፍ ከባለ 2 ኢንቹ በስፋት አራት እጥፍ ነው፣ ስምንት ኢንች ደግሞ የእሱ አራት እጥፍ።

መሃሉ ያልጸናው በሁለት ነገር ይመስለኛል። ማሽኑ ከኋላው የሚተወው ክምር የተነፋና ያልተጣበቀ ነው፤ ለሳልሞን ደግሞ ንጹሕ ልቅ ጠጠር ማለት ጥሩ መጣያ ማለት ነው። ትጥልበታለች፣ የክረምቱ ጎርፍ ክምሩን ከነእንቁላሉ ይወስደዋል። ሁለተኛው ባዜቃ ነው። የድሮዎቹ ማዕድን አውጪዎች ያፈሰሱት ሜርኩሪ አለቱ ላይ ተኝቷል፤ ማሽኑ ሲመጠው አሸንዳው ትልልቁን ይይዛል፣ ሲፈጭ የደቀቀው ግን ከደለሉ ጋር ይወርዳል። ታች ባክቴሪያ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጠውና ዓሣ ውስጥ ይገባል።

ካሊፎርኒያ በ2009 መምጠጫ ማሽንን አግዳ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤቷ በ2016 የ1872ቱ የፌዴራል ማዕድን ሕግ ስቴቱን አይከለክልም ብሏል። ኦሪገን በ2013 በጊዜያዊ እገዳ ጀምራ በ2017 ቋሚ አደረገችው፤ ዋሽንግተን በ2020 ተከተለች። ስለዚህ «የፌዴራል መብት አለኝ» የሚለው ክርክር ዳር ላይ አያዋጣም።

ዓሣው_ይቅደም፦

ባዜቃው በእጅ ለሚሠራም ይመጣል፤ ገበቴ ግርጌ ላይ የብር ቀለም ያለው የሚንከባለል ጠብታ ወይም ነጭ ልባስ ያለው ወርቅ ከታየ። ልባሱን ለማስለቀቅ እሳት ላይ አታስቀምጡት፤ ተኑ ሽታ የለውም፣ መርዙ ግን ሳንባ ነው የሚገባው። ወንዙም ላይ መልሳችሁ አትድፉት። ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከላዩ ውሃ አድርጋችሁ ዝጉት፣ ለአደገኛ ቆሻሻ ማሰባሰቢያ ስጡ።

ጉድጓዱን ስትሞሉ መጀመሪያ ትልልቁን ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠሩን፣ አሸዋውን በመጨረሻ። አሸዋውን ከታች ካደረጋችሁት የላዩ ድንጋይ ይሰጥምና ጉድጓዱ እንደገና ይከፈታል። በየቀኑ ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉት፤ ወገብ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ጉድጓድ እግሩን የሚይዘው ጀልባ የሚጎትተውን ሰው ነው።