ውሎዬን በፈረንሳይኛ ማውራት አቃተኝ፣ እስቲ እርዱኝ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለዴልፍ ኤ1 (ለጀማሪዎች የፈረንሳይኛ ችሎታ ማረጋገጫ) ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የቃል ፈተናው ላይ ስለ ውሎ መጠየቁ አይቀርም አሉኝ። ‹1 ሰዓት ላይ እነቃለሁ› ለማለት ‹ዠ ሬቬይ አ ዩን ኧር› ይሆናል? ‹ም› የምትባለዋስ መቼ ነው የምትገባው? ደግሞ መጽሐፉ ላይ ‹ቩ ቩ ለቬ› የሚል አየሁ፣ ሁለቴ የታተመው በስህተት ነው?

የሊዮኑ፦
እህቴ፣ ‹ዠ ሬቬይ› ስትይ ‹እቀሰቅሳለሁ› ነው ያልሽው፣ ሰሚው ማንን ብሎ ይጠብቅሻል። ልጅሽን ከሆነ ልክ ነው። ራስሽ ከነቃሽ ግን ‹ዠ ም ሬቬይ›። እኛም እኮ ይህ ነገር አለን፤ አጠበ ብለን ታጠበ፣ ላጨ ብለን ተላጨ፣ አነሳ ብለን ተነሳ እንላለን። የ‹ም› ሥራ ከዚያች ‹ተ› ጋር ይቀራረባል። ሁሌ ግን አትመኛት፦ ‹ነቃ› እና ‹ለበሰ› ላይ ‹ተ› የለችም፣ ፈረንሳዮቹ ግን ‹ዠ ም ሬቬይ›፣ ‹ዠ ማቢይ› ይላሉ። ቁርስ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትገባም፣ ‹ዠ ፕራን ል ፕቲ ዴዠኔ› ነው። ‹ቩ ቩ› ስህተት አይደለም። ‹ም› ከባለቤቱ ጋር ትቀያየራለች፤ ዠ ም (እኔ)፣ ቲዩ ት (አንተ/አንቺ)፣ ኢል ስ (እሱ)፣ ኑ ኑ (እኛ)፣ ቩ ቩ (እናንተ/እርስዎ)። ፈታኙን ‹ስንት ሰዓት ይነሳሉ?› ስትይ ‹ቩ ቩ ለቬ አ ኬል ኧር?› በዪ፣ በ‹ቲዩ› እንዳትጠሪው።

የብራስልሷ፦
ሰዓቱንስ ማን ይንገራት? ‹ዩን ኧር› ካልሽ ወይ እኩለ ሌሊት አልፎ ወይ ከምሳ በኋላ ነው የተነሳሽው 😂 የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የእነሱ 7 ነው፣ ‹ሴት ኧር› (አዎ፣ ልክ እንደ ‹ሴት› ነው የሚነበበው)። 6 ደምሪበት። ማታ 3 ሰዓት ደግሞ 21 ሰዓት ነው፣ ‹ቫንቴ ዩን ኧር›፤ ‹ነቭ ኧር ዲዩ ስዋር› ብትዪም ያው ነው። እዚህ ቤልጅየም ቁርስን ‹ዴዠኔ› ብቻ የሚሉ ሞልተዋል፣ ፈረንሳይ ግን ‹ዴዠኔ› ምሳ ስለሆነ ‹ፕቲ›ዋን አትርሺ።

ፈተናውን ያለፍኩ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ራስሽ የምታወሪበት ክፍል የመጀመሪያው ነው፣ መዘጋጃ ጊዜ የለውም። 10 ደቂቃዋ ለሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ናት። ስለዚህ ውሎሽን ከወዲሁ አፍሽ ላይ አስገቢው፦ ‹ዠ ም ሌቭ፣ ዠ ም ላቭ፣ አንስዊት ዠ ም ብሮስ ሌ ዳን› (እነሳለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ከዚያ ጥርሴን እቦርሻለሁ)። ‹ሌ ዳን› ነው እንጂ ‹ሜ ዳን› አይባልም፣ የማን ጥርስ እንደሆነ ‹ም› ነግራናለች። ትናንትን ካነሳሽ ‹ዠ ም ስዊ ለቬ› ነው፣ ‹ዤ ለቬ› እንዳትዪ። ስትጽፊ ሴት ስለሆንሽ መጨረሻው ላይ አንድ ‹ኧ› ፊደል ትጨምሪያለሽ፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

ጀማሪዋ፦
ኧረ ኑሩልኝ! ‹ተኛሁ›ስ በምን ይባላል? ሦስት ቃል አግኝቼ ግራ ገባኝ።

የሊዮኑ፦
ወደ አልጋ መሄድሽን ‹ዠ ም ኩሽ›፣ እንቅልፍ ሲወስድሽ ‹ዠ ማንዶር›፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ‹ዠ ዶር›። የመጨረሻዋ ‹ም› የላትም።