ደሴ ላይ የአራት ወር ሳሞይድ ቡችላ ስለማሳደግ ምክር እሻለሁ

ጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝን ሳሞይድ የሚባል የውጭ ዘር ቡችላ ማሳደግ ከጀመርሁ ሁለት ወር ሞላኝ፤ አሁን የአራት ወር ወንድ ሲሆን 10 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ጠጉሩ በኅዳር ማለዳ ሣሩ ላይ የሚያድረውን ውርጭ ስለሚመስል ልጆቼ «አመዳይ» ብለው ሰይመውታል። ከዚህ በፊት በግቢያችን የኖሩት ሁሉ የአገራችን ውሾች ስለነበሩ፣ ከማዕድ የተረፈውን እየበሉ፣ ቀን ታስረው ሌሊት እየተፈቱ ያለ ብዙ ጣጣ አድገዋል፤ ይህንንም በዚያው መንገድ ላሳድገው ብሞክር ግን ነገሩ ሁሉ ጠመመብኝ።

በመጀመሪያ ወንድሜ የላከውን ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ይበላ ነበር። እሱ ባለቀ ማግሥት ከሥጋ ቤት የምገዛውን ጥሬ ሳምባና በወተት የራሰ እንጀራ መስጠት ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይነ ምድሩ እንደቀጠነ ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ሳህኑን አሽትቶ ብቻ ይመለሳል። ከሰሞኑ ከተኛበት ሲነሣ የግራ ኋላ እግሩን ለጥቂት እርምጃ ያነክሳል፤ ወዲያው ግን ምንም እንዳልነበረው ይሮጣል። ቤታችን ዳገት ላይ በመሆኑ ከበሩ እስከ ግቢው 14 የድንጋይ ደረጃ አለ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስበት ቈጥሬ አላውቅም።

ጠባዩን በሚመለከት፣ ልጆች ሲሮጡ እየተከተለ ተረከዛቸውን ይነክሳል፤ ባለፈው ሳምንት የትንሿን ልጄን ቁርጭምጭሚት በጥቂቱ አድምቶታል። ጎረቤቶቻችን ለቡና ሲመጡም በሁለት እግሩ ቆሞ ልብሳቸው ላይ ይንጠላጠላል፤ ከመካከላቸው ለሶላት ውዱእ አድርገው የሚመጡ ስላሉ እኔም እነሱም እንሳቀቃለን። ባስረው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል።

ከክረምቱ በኋላ ሥራዬ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚዛወር ቤተሰቡ በሙሉ ወደዚያ ይወርዳል። «ሙቀቱ ሳይገድለው ጠጉሩን አስላጪው» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ስለ ክትባቱ ከሆነ፣ ወንድሜ አንድ ጊዜ መከተቡን ቢነግረኝም የምን ክትባት እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት የለኝም። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቦርከና ማዶ፦

እህቴ፣ ኮምቦልቻ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው በመካከል አለፍ ብለው የጠቀሱትን የልጅዎን ቁርጭምጭሚት ነው። የክትባት ታሪኩ ያልታወቀ ቡችላ ነክሶ ካደማ፣ ቡችላው ጤነኛ ቢመስልም እንኳ፣ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ፣ ልጅቷም ጤና ጣቢያ መታየት ነበረባት። ሳምንት አልፎታል ብለው አይተዉት፤ ዛሬውኑ ይውሰዷትና የሆነውን ሁሉ ይንገሯቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ በአገራችንም ዛሬም ድረስ ሰው ይገድላል። ቡችላውን ግን አያስወግዱት፤ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን እስኪሞላው ከግቢ ሳይወጣ አበላሉንና ጠባዩን ይከታተሉ።

ወረቀት የሌለው ክትባት በእኛ ዘንድ እንዳልተሰጠ ይቈጠራል። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት የውሻ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት የሚዘልቀው፣ ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያመክነውና ያ መከላከያ የሚያልቅበትም ጊዜ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ነው። የእርስዎ ይህን ዕድሜ ስላለፈ አሁን የሚከተበው ይይዝለታል። ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ የሚሰጠውን የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ የ10 ቀኑ ክትትል ሲያበቃ ያስከትቡት።

ወደ ሳምባው ልምጣ፤ እንዲያውም እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በግ ያረደ ሰው ሁሉ ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አንድ ቀን ሳያይ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ከረጢቱ ኢኪኖኮከስ የሚባለው ትል እጭ የሚያድግበት ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ርዝመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ዓይነ ምድሩ ላይ ፈልገው አያገኙትም፤ ውሻውም ታሞ አያስታውቅም። የትሉ ዕንቁላል ግን ከዓይነ ምድሩ ወደ ጠጉሩ፣ ከጠጉሩም ወደሚዳብሱት ልጆች እጅ ይተላለፋል፤ ወደ አፋቸው ከገባ ያው ከረጢት ጉበታቸው ወይም ሳምባቸው ላይ ለዓመታት በዝምታ ያድጋል። ስለዚህ ሳምባ የሚሰጠው በደንብ ተቀቅሎ ብቻ ነው። ከመድኃኒት ቤት «የትል» ተብሎ የሚሸጠው አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ ቢሰጠው ይህን ትል ከውሻ አንጀት አያጠፋም፤ የሚያስፈልገው በኪሎው ልክ የተሰላ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ነው።

ሳምባ ቢቀቀልም ቢሆን ቡችላ ማሳደጊያ አይሆንም። እንደ ማንኛውም ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ በፍጥነት የሚያድግ ቡችላ በእሱ ላይ ሲኖር ሰውነቱ የጎደለውን ከራሱ አጥንት ይወስዳል። ማነከሱ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በሳሞይድ ዘር የሚወረሰው የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት ሊሆንም ይችላል፤ እግሩ ሳይዳሰስና ራጅ ሳይነሣ መፍረድ አይቻልም። እስከዚያው ደረጃውን በመዝጊያ ያግዱበት፤ ሲያስፈልግ ታቅፎ ይውረድ። ለቡችላ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ካገኙ ካሁኑ ምግቡ ጋር እያደባለቁ፣ ድርሻውን በየቀኑ ከፍ እያደረጉ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመልሱት። ሆዱን ካበላሹት ነገሮች አንዱ ምግቡ በአንድ ቀን መቀየሩ ነው፤ ሁለተኛው ወተቱ ነው፤ ጡት የጣለ ቡችላ የላም ወተት ብዙም አይስማማውም። እስከ 6 ወር በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይብላ። በተዘጋጀው ምግብ ላይ የካልሲየም ዱቄት አይጨምሩበት፤ ሲበዛም አጥንት ያጣምማል። መወፈር መክሳቱን በዓይን ሳይሆን በእጅ ይለኩ፤ በዚያ ሁሉ ጠጉር ሥር ጎድን አጥንቱ ሳይጫኑት ሊዳሰስ ይገባል።

ከማዕድ የሚተርፈውን በሚመለከት፣ የእኛ ወጥ ከሽንኩርት ይጀምራል፤ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የዶሮ ወጥ አጥንት፣ ዘቢብና ቸኮሌትም ከአፉ ይራቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሳሞይድ ዘር እናት የምታስተላልፈው፣ በወንዶቹ ላይ የሚከፋ የኩላሊት በሽታ አለ። ከጥቂት ወራት ዕድሜ ጀምሮ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ስለሚታይ፣ ለክትባት ሲወስዱት የጠዋት ሽንቱን በንጹሕ ብልቃጥ ይዘው ይሂዱ። ምርመራው ቀላል ነው። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ስላለ ከእዚያም መጠየቅ ይችላሉ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦

«አስላጪው» የሚሉዎትን አይስሙ፤ እኔ ሰምቼ ተጸጽቻለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የሦስት ዓመት ሴት ሳሞይድ አለችኝ። በመጀመሪያው ግንቦት ሙቀቱ ሲጠናባት ደግ የሠራሁ መስሎኝ ከሥሩ አስላጨኋት። በሁለተኛው ቀን ጀርባዋ በፀሐይ ተቃጥሎ ቀላ፤ ጠጉሩ ሲመለስም የውስጡ ጥጥ ቀድሞ በቀለ፣ የላዩ ረጅሙ ጠጉር ግን እዚህም እዚያም እየዘለለ ሙሉ ለመሆን ከዓመት በላይ ፈጀ። እነዚህ ውሾች በሰሜን ምዕራብ ሳይቤሪያ አጋዘን ከሚያረቡ ሰዎች ጋር የኖሩ ሲሆኑ ጠጉራቸው ድርብ ነው፤ ከላይ ያለው ፀሐይና ዝናብ ይመልሳል፣ ከሥር ያለው ጥጥ ብርዱን ይከላከላል። በሙቀት ጊዜ የሚያፍነው የሞተው ጥጥ ሳይበጠር ሲቀር ነው። ስለዚህ መፍትሔው ማበጠር እንጂ መላጨት አይደለም።

አበጣጠሩም ወግ አለው። በጎኑ ያስተኙትና ውኃ እፍ እያሉበት ጠጉሩን በአንድ እጅ ወደ ላይ ገልብጠው ይያዙ፤ ነጭ የቆዳ መሥመር እስኪታይ ድረስ ማለቴ ነው። ከዚያች መሥመር ሥር ጥቂት ጥቂት እየለቀቁ ጥርሱ ረጅም በሆነ ሚዶ ያውርዱ። ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ሥር የሚቋጠረውን አይርሱ። አሁን ቡችላ ሳለ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ካስለመዱት ሲያድግ አይታገልዎትም። የእኔዋ ጥጧን ስትጥል በአንድ ሳምንት አንድ ፌስታል ይሞላል። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት «ይህ እንዴት ይጣላል?» ብለው ወስደው በእንዝርት ፈተሉትና ለስላሳ ድር አወጡለት፤ አሁን ፌስታሉን ራሳቸው መጥተው ይጠይቁኛል።

ኮምቦልቻ ከደሴ የሚርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ሲጨርሱ ከ600 ሜትር በላይ ወርደዋል፤ ልዩነቱን ውሻው ከእርስዎ ቀድሞ ያውቀዋል። ሽርሽሩ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ወይም ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ይሁን። አስፋልቱ ላይ የእጅዎን ጀርባ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፉ፤ እርስዎ ካልቻሉት እሱም አይችለውም። ጥላ ያለው ሲሚንቶ ወለል በውኃ ረጥቦ፣ የሚጠጣውም ሳይቋረጥ ይቅረብለት። ጉድጓድ ከቆፈረ አይቆጡት፤ ቀዝቃዛውን አፈር ፍለጋ ነው። እኔ ከማንጎው ሥር አንድ ጥግ ለቅቄላት አትክልቱን አዳንሁ። ምላሱ ጠቁሮ ከቀላ፣ ለሐጩ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ግን ጊዜ የለም፤ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ መላ ሰውነቱ ላይ እያፈሰሱ ያራግቡለትና ወደ ሐኪም ይሩጡ። በእርጥብ ብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ስለሚይዝበት አይጠቅምም።

ሰኞ ገበያ፦

አብሽሪ እህቴ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልጄ ወደ ውጭ ሲሄድ የተወልኝን ሳሞይድ ደሴ ላይ ከልጅ ልጆቼ ጋር አሳድጌዋለሁ። ተረከዝ መንከሱ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው መንጋ የሚያግድ ዘር መሆኑ ነው፤ የሚሮጥ ልጅ ለእሱ የተነጠለ አጋዘን ነው። ሁለተኛው ጥርሱ ነው። 28ቱ የወተት ጥርሶች ወልቀው 42 የሚተኩት ከአራት ወር ጀምሮ እስከ ስድስት ሰባት ወር ባለው ጊዜ በመሆኑ ድዱ ያሳክከዋል፤ ጠዋት ጠዋት ምግብ መግፋቱም አንዳንዴ ከዚህ ነው። እኔ ምንጣፍ ስጠርግ ሩዝ የምታክል ጥርስ አግኝቼ ድንጋይ መስሎኝ ጥዬ ነበር። አሮጌ ፎጣ ቋጥረሽ፣ አርጥበሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሪና ስጪው። ልጆቹን ደግሞ ሲነክሳቸው እንዳይሮጡና እንዳይጮኹ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አስተምሪያቸው፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ወዲያው ይሰለቸዋል። አፉን መምታት እጅ መፍራትን እንጂ መተውን አያስተምረውም። ከትንሿ ጋር ግን አዋቂ ሳይኖር ብቻቸውን አትተያቸው።

የቡናውን ነገር እኔም አይቼዋለሁ። ቡናው ከመቆላቱ በፊት ወጣ አድርጊና ድካም እስኪሰማው አንሸራሽሪው፤ እንግዶች ሲገቡ የሚያላምጠውን ሰጥተሽ በሌላ ክፍል አቆዪው። ሶላት ለሚሰግዱት ይህ የመከባበር ጉዳይ ስለሆነ «አይነካም፣ ገራም ነው» ማለት መልስ አይሆንም፤ ጭራሽ አይድረስባቸው። ለመንካት ፈቃደኛ የሆኑት ደግሞ ሲዘልባቸው ጀርባቸውን ይስጡት፤ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካና «ተቀመጥ» ሲባል ሲቀመጥ ብቻ ያናግሩት። በእኛ ቤት ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ያዘገየውም «ተዉት፣ ልጅ ነው» እያሉ የሚያቅፉት ዘመዶቻችን ነበሩ።

ቀን አስሮ ማታ መፍታቱን ተዪው። ይህ ዘር ከጌቶቹ ጋር በአንድ ድንኳን እያደረ የኖረ ስለሆነ የሚጮኸው ብቻውን መዋሉ ከብዶት ነው። ጨለማ ቤት ቢታሰር ኃይለኛ ይሆናል የሚሉሽም ይኖራሉ፤ ይህ ውሻ ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ የሚቀበል ነውና ለዘበኝነት አትመኝው። ሌሊት ቤት ውስጥ ይደር፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጅብ ለ10 ኪሎ ቡችላ አይመለስም።

ጦሳ ግርጌ፦

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጄን በዚያው ቀን ወስጃት ክትባት ጀምራለች። የአመዳይ 10 ቀን በሰላም አልቆ የእብድ ውሻውንና የፓርቮውን ክትባት ወስዷል፤ ፕራዚኳንቴልም ተሰጥቶታል፤ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን አልታየም። ደረቁን ምግብ ከጀመረ ወዲህ ዓይነ ምድሩ ጠንክሯል። ደረጃው ላይ የሳንቃ መዝጊያ ካቆምን በኋላ ማነከሱ ቢቀንስም ጨርሶ አልተወውም፤ ራጁ የሚነሣው በመጪው ሳምንት ነው። ኮምቦልቻ የምንወርድበትን ቀን ከክትባቱ ጋር እንዴት ላስማማው?

ቦርከና ማዶ፦

የፓርቮው ድጋሚ ከመጀመሪያው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ስለሚሰጥ፣ እሱን ወስዶ ሁለት ሳምንት ከሞላው በኋላ ይውረዱ። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነውና ከጉዞው በፊት ለአራት ሰዓት ያህል ምግብ አይስጡት፤ ውኃ ግን አይከልክሉት። ማለዳ ቢነሡ ይመረጣል፤ የመኪናው መስኮትም ገርበብ ይበል። የራጁን ፊልም እዚያ እንዳይተዉት፤ የስድስት ወር ልጅ ሲሆን ሌላ አንሥተን እናስተያየዋለን።